የሕንፃ ሥዕልና የሕንፃ ስሌት፦ ከግንባታ ፈቃድ በፊት ስለ ሬንደሪንግና ስለ ፋይናይት ኤለመንት ትንተና ሊያውቁት የሚገባ

ቤት ወይም ሕንፃ ለመሥራት የወሰነ ተገልጋይ ከዲዛይን ባለሙያ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰነድ ይረከባል። የመጀመሪያው ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ የሚያሳይ ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ በደጃፉ ዛፍ ተተክሏል፣ መኪና ቆሟል። ሁለተኛው በቁጥርና በሠንጠረዥ የተሞላ የስትራክቸር ስሌት ነው። የመጀመሪያው ለቤተሰብና ለወዳጅ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይገለጥ ወደ ፋይል ይገባል።

ሁለቱም ከኮምፒውተር የወጡ በመሆናቸው እኩል ማረጋገጫ የሚሰጡ ይመስላሉ። እውነታው ግን የተለየ ነው። ሥዕሉ ሕንፃው ምን እንደሚመስል እንጂ ይቆም አይቆም እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሚመረምረው ስሌቱ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚታመነው የገባለት መረጃ ትክክል ሲሆንና ብቃት ባለው ባለሙያ ሲፈተሽ ብቻ ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተገልጋዮች በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ተረድተው፣ ገንዘባቸውን ከማፍሰሳቸውና መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት ተገቢውን ጥያቄ መጠየቅ እንዲችሉ ነው። ምሳሌዎቹም ከሰሜን ወሎ፣ በተለይም ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ወረዳ ሁኔታ ጋር የተገናዘቡ ናቸው።

ሬንደሪንግ ምን ይሠራል?

በተለምዶ “ስሪዲ” እየተባለ የሚጠራው ሥዕል የሚወጣበት ሂደት ሬንደሪንግ ይባላል። ባለሙያው በመጀመሪያ የሕንፃውን ቅርጽ በኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ገጽታ መልክ ይሰጠዋል፤ ይህ መስታወት፣ ይህ ድንጋይ፣ ይህ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው ይላል። ከዚያም ፀሐይ ከየት እንደምታበራና ተመልካቹ ከየት እንደሚያይ ይወስናል። ፕሮግራሙ የብርሃንን ጉዞ እያሰላ፣ የትኛው ቦታ እንደሚበራ፣ የትኛው እንደሚጠላና የትኛው እንደሚያንጸባርቅ ይወስንና ሥዕሉን ያወጣል።

ሬንደሪንግ ጠቃሚ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ የመስኮቱን ስፋት፣ የበረንዳውን አቀማመጥና የሕንፃውን ቀለም ገና ከጅምሩ አይቶ እንዲወስን ይረዳዋል፤ በኋላ ከሚደረግ የማፍረስ ወጪም ያድነዋል።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የሚያሰላው ብርሃንን ብቻ ነው። በኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ፣ ስታፋው በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ፣ ከመሠረቱ በታች ያለው መሬት ድንጋይ ይሁን ዋልካ አፈር አያውቅም። በአየር ላይ የተንሳፈፈ ፎቅ ቢሳልለት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ አሳምሮ ያወጣዋል። ስለዚህ የሥዕል ማማር የጥንካሬ ማስረጃ ሆኖ ሊወሰድ አይገባም።

ፋይናይት ኤለመንት ትንተና ምን ይሠራል?

የስትራክቸር ስሌት ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ነው። ሐሳቡን ለመረዳት የመሬት ቅየሳን ማሰብ በቂ ነው። ቅርጹ የተጣመመ ማሳ በአንድ ጊዜ ሊለካ አይችልም። ቀያሹ ማሳውን በሦስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን ቁራጮች ይከፋፍለዋል፤ የእያንዳንዱን ስፋት በቀላል ቀመር ያገኛል፤ በመጨረሻም ይደምራል። ቁራጮቹ ባነሱና በበዙ ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነተኛው ስፋት ይጠጋል።

ፋይናይት ኤለመንት ትንተናም በተመሳሳይ መንገድ ሕንፃውን ባሕርያቸው በታወቀ አነስተኛ ቁራጮች ይከፍላል። እነዚህ ቁራጮች “ኤለመንት” ይባላሉ፤ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ደግሞ “ኖድ” ይባላሉ። ቢምና ኮለን እንደ ዘንግ፣ ሶሌታና የአርማታ ግድግዳ ደግሞ እንደ መረብ በተከፋፈለ ሰሌዳ ይወከላሉ። ከማሳ ልኬት የሚለይበት ዋና ነገር ቁራጮቹ ለየብቻቸው የማይቆሙ መሆናቸው ነው። አንዱ ሲገፋ ጎረቤቱን ይገፋል፤ አንዱ ሲጎብጥ ሌላው ይሳባል። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ኃይል እንዲመጣጠንና ቁራጮቹ ሳይላቀቁ አብረው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገውን መልስ ለማግኘት በሺህ የሚቆጠሩ ቀመሮችን በአንድነት ይፈታል። ከዚህም እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከምና ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይታወቃል።

ዘዴው የተወለደው ከአውሮፕላን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውሮፕላን አካልን ጥንካሬ ለማስላት የሚያገለግለውን ዘዴ በጽሑፍ አቀረቡ። ሬይ ክላፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። ኤድዋርድ ዊልሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ “ሳፕ” የተባለውን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። በአገራችን የዲዛይን ቢሮዎች የሚታወቁት ሳፕ 2000 እና ኢታብስ የዚህ ሥራ ተከታዮች ናቸው። በዚያ ዘመን በትልልቅ ተቋማት ብቻ ይገኝ የነበረው የማስላት አቅም ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል። መልካም ዕድል ነው፤ ሆኖም ስሌቱን ማውጣት ቀላል መሆኑ ስሌቱን መረዳትን ቀላል አላደረገውም።

በቁጥር የተደገፈ ምሳሌ

ስሌቱ ስለ ምን እንደሚጨነቅ ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ሜትር ኩብ ፌሮ የገባበት አርማታ 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ይከብዳል ማለት ነው። ሶሌታው 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 37.5 ቶን ይሆናል። ለመኖሪያ ቤት በተለምዶ የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም 20 ቶን ይጨምራል። ግድግዳው፣ ንጣፉና ልስኑ ሳይቆጠር ድምሩ 57.5 ቶን ይደርሳል።

ይህ ሶሌታ በእኩል ርቀት በሦስት ረድፍ በቆሙ 9 ኮለኖች ላይ ያርፋል እንበል። ጭነቱ ለዘጠኝ እኩል አይካፈልም። በቀላል ግምት የመካከለኛው ኮለን ከጠቅላላው አንድ አራተኛውን፣ ማለትም ከ14 ቶን በላይ ይሸከማል፤ የማዕዘኑ ኮለን ግን አንድ አሥራ ስድስተኛውን፣ ማለትም 3.6 ቶን ያህል ብቻ ይሸከማል። ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ይህ መጠን ይደራረባል። ሱቁ ሰፊ እንዲሆን በማሰብ “መካከለኛው ኮለን ይነሳልኝ” ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሬንደሪንጉ ላይ ኮለኑ ሲነሳ ሱቁ ያምራል፤ በስሌቱ ላይ ግን ያ ሁሉ ጭነት ሌላ ተሸካሚ ይፈልጋል።

የቢም ርዝመትም እንዲሁ ነው። በሁለት ጫፎቹ ላይ ብቻ የተቀመጠ 4 ሜትር ቢም ወደ 5 ሜትር ቢረዝምና በእያንዳንዱ ሜትር የሚያርፍበት ጭነት ባይለወጥ፣ ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል በ56 በመቶ ይጨምራል። የቢሙ መጠን ካልተለወጠ የሚጎብጥበት ልክ ደግሞ ወደ 2.4 እጥፍ ያድጋል። በዓይን ሲታይ አንድ ሜትር ትንሽ ነው፤ በስሌት ግን ትንሽ አይደለም።

ባለ ቀለሙ የስሌት ሥዕል እንዴት ይነበባል?

የትንተና ፕሮግራሞችም ሥዕል ያወጣሉ። ሕንፃው በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተቀብቶ፣ አንዳንዴም ተጣምሞ ይታያል። ተገልጋዩ ይህን ሲያይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንዲል ይመከራል።

አንደኛ፣ ቀይ ሁልጊዜ አደጋ፣ ሰማያዊ ሁልጊዜ ደኅንነት ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ በብዙ ሁኔታ ከፍተኛውን ዋጋ በአንድ ጫፍ፣ ዝቅተኛውን በሌላው ጫፍ ቀለም ይቀባል። ከፍተኛው ዋጋ ራሱ ከሚፈቀደው ገደብ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በአንጻሩ ሰማያዊ የሆነው ቦታ ከገደቡ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ያለው ከሥዕሉ አጠገብ በተቀመጠው የቁጥር መለኪያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ መጣመሙ የተጋነነ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነው እንቅስቃሴ ለዓይን እንዲታይ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ይሳላል።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ግምትን እንጂ ሕንፃውን አያሳይም። የአርማታው ጥንካሬ፣ የመሬቱ አቅም፣ የግድግዳው ክብደት በባለሙያው የገቡ ናቸው። ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቁጥር ቢገባለትም ሥዕሉን አሳምሮ ያወጣል። በዚህ ረገድ ከሬንደሪንጉ አይለይም።

የኖርዌይ ትምህርት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የባሕር ሰርጥ “ስሌይፕነር ኤ” ለተባለ የባሕር ላይ የጋዝ ማምረቻ የተሠራው ግዙፍ የአርማታ መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም ኪሣራው 700 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ተገምቷል።

የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው ስሌቱ የተሠራው በታወቀና በተፈተነ የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም ነበር። ችግሩ መዋቅሩ የተከፋፈለበት መረብ በአንድ ወሳኝ ቦታ ላይ ተገቢ ያልነበረ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ግድግዳውን ለመቁረጥ የሚሞክረው ኃይል 47 በመቶ ያህል አንሶ ተሰላ። በዚያ ቦታ የገባው ብረትም አጠር ያለ ነበር። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት መዋቅሩ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእውነቱ የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነበር።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ዘዴው በአግባቡ ሲሠራበት ወደ እውነቱ በጣም ይቀርባል፤ ያለ ጥንቃቄ ሲሠራበት ደግሞ የታወቀ ፕሮግራምና ሙሉ ሰነድ እያለ ሕንፃ ይወድቃል። ስለሆነም ስሌት በሌላ ባለሙያ ዓይን መፈተሹ ሥራን ለማጓተት የተደነገገ ሥርዓት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ነዋሪዎች ይህ ለምን ይጠቅማል?

ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ወረዳ የሚገኙት የሰሜን ኢትዮጵያ ከፍታ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚወርድበት ተዳፋት አካባቢ ነው። ይህ ተዳፋት የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ከዚሁ ጠርዝ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የተከሰተው መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ የማጀቴን መንደር አውድሟል። በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር በመንቀጥቀጥ ፈርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

የአገራችን የሕንፃ ኮድ ይህን ሥጋት ከግምት ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታውን በ100 ዓመት የመደጋገሚያ ጊዜ ላይ መሥርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስታንዳርድ ግን ወደ 475 ዓመት አሳድጎታል። ይህም በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ መንቀጥቀጥን መሠረት ማድረግ ማለት ነው። የትኛው ኮድ ሥራ ላይ እንደዋለ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት ስትንቀጠቀጥ ሕንፃው የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ሕንፃው በከበደ ቁጥርም ግፊቱ ይበረታል። የአፈሩም ዓይነት ወሳኝ ነው። ከተራራው ሥር በተከማቸ ለስላሳ ደለል ላይ የቆመ ሕንፃ በአለት ላይ ከቆመው የበለጠ ሊናወጥ ይችላል። ዋልካ አፈር ደግሞ መንቀጥቀጥ ባይኖርም በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረትን ያነሳል፣ ያወርዳልም።

በመንገድ ዳር ከተሞች የሚዘወተረው “ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ” የሆነ አሠራርም ልዩ ትኩረት ይሻል። ምድር ቤቱ በመስታወት የተከፈተ፣ ፎቆቹ ግን በብሎኬት ግድግዳ የተሞሉ ሲሆኑ የላይኛው ክፍል ግትር፣ የታችኛው ልል ይሆናል። መንቀጥቀጥ በሚከሰትበት ጊዜ እንቅስቃሴው በሙሉ በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። በብዙ ስሌቶች የብሎኬት ግድግዳ የሚገባው በክብደቱ ብቻ እንጂ በግትርነቱ ባለመሆኑ፣ ባለሙያው ይህን ለይቶ ካላሰበበት ችግሩ በኮምፒውተሩ ውጤት ላይ ላይታይ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን እንዴት ለይቶ ነበር?

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ምድብ “ሀ” በኮንክሪት ወይም በብረት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃን ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያን ይመለከት ነበር። ምድብ “ለ” ርቀቱ ከ7 ሜትር የበለጠ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለውን፣ በምድብ “ሐ” ያልተካተተ ሕንፃ ይይዝ ነበር። ምድብ “ሐ” ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና የተቋማት ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችን እንዲሁም ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን ያጠቃልል ነበር። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የወልድያው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ግንባታ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ በስሌት የሚያዘው የሰው ጭነት በካሬ ሜትር እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚደርስ፣ ከመኖሪያ ቤት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ለመኖሪያ የተሠራን ቤት ሳያስመረምሩ አዳራሽ ወይም መጋዘን ማድረግ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ዲዛይንዎን ሲረከቡ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

1. ስሌቱ የተሠራው በየትኛው የሕንፃ ኮድ ነው? የከተማዎ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃስ በስሌቱ ውስጥ ስንት ተብሎ ተያዘ?

2. የአፈር ምርመራ ተደርጓል? በስሌቱ የገባው የመሬት አቅም ከምርመራው ውጤት የተወሰደ ነው ወይስ ከግምት?

3. ሕንፃው ሊሸከመው የታሰበው ጭነት ምንድን ነው? ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ካሰቡ አስቀድመው ይናገሩ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 5 ቶን እንደሚመዝን አይዘንጉ።

4. የኮምፒውተሩ ውጤት በእጅ ስሌት ተረጋግጧል? ቀላሉ ማረጋገጫ የሕንፃው ጠቅላላ ክብደት መሠረቶቹ ከሚሸከሙት ድምር ጋር እኩል መሆኑን ማየት ነው።

5. በሬንደሪንጉ ላይ የሚታየው ሕንፃ ከስትራክቸር ንድፉ ጋር አንድ ነው? ኮለኖቹን ይቁጠሩ፤ ወደ ውጭ የወጣው በረንዳ በሁለቱም ላይ እኩል መሆኑን ያስተያዩ።

6. ከታች ሱቅ ካለ፣ የምድር ቤቱ ልልነት በስሌቱ ውስጥ እንዴት ታየ?

7. ንድፉን የሠራውና የፈረመው ባለሙያ ለዚህ ምድብ ሕንፃ የሚያበቃ ምዝገባ አለው?

ባለሙያን እንዲህ መጠየቅ አለማመን ተደርጎ አይቆጠርም። ሥራውን በሚገባ የሠራ ባለሙያ ጥያቄዎቹን በደስታና በግልጽ ቋንቋ ይመልሳል። ጥሩ ስሌት ለባለቤቱ ወጪም ይቆጥባል፤ ፌሮ የት መጨመር እንዳለበት ብቻ ሳይሆን የት ያለ አግባብ እንደሚባክንም ያሳያል።

ግንባታው ከተጀመረ በኋላ

ስሌቱ የሚያገለግለው ሕንፃው እንደ ስሌቱ ከተሠራ ነው። አርማታው በቀላሉ እንዲፈስ ተብሎ ውኃ ሲበዛበት በስሌቱ የተያዘው ጥንካሬ አይገኝም። ስታፋው በ10 ሳንቲ ሜትር ፈንታ በ20 ሳንቲ ሜትር ሲታሰር፣ ኮለን ሲዛወር፣ ግድግዳ ሲጨመር ወይም ለቧንቧ ተብሎ ቢም ሲበሳ ሕንፃው ፈቃድ ያገኘው ሕንፃ መሆኑ ይቀራል። ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ንድፉን ለሠራው ባለሙያ ማሳየት፣ ስሌቱን ማስከለስና ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካል ማቅረብ ያስፈልጋል።

የስሌት ሰነዱንና የንድፉን ቅጂ ከይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎ ጋር በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ፎቅ ለመጨመር፣ ቤቱን ለመሸጥ ወይም ከመንቀጥቀጥ በኋላ ጉዳቱን ለማስመርመር በሚያስፈልግበት ጊዜ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ሰነድ ነው። በፈቃድ አሰጣጥና በሚሟሉ ሰነዶች ላይ ዝርዝር መረጃ ለማግኘት ግንባታው በሚከናወንበት ከተማ የሚገኘውን የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ይጠይቁ።